ስህተቱ ከእናንተ ዴስክ ከወጣ እርማቱም ከዚያው ይውጣ፦ ለ401ኬ አስተዳዳሪዎች ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሆቴል፣ የፓርኪንግ፣ የኤርፖርትና የሆስፒታል ሠራተኞችን በአሠሪ በኩል የሚቆጠብ የጡረታ ገንዘብ (401ኬ) ለምታስተዳድሩ ኩባንያዎች፣ ገንዘቡን ለምትረከቡ የአይአርኤ (የግል የጡረታ ቁጠባ ሂሳብ) ተቋማት፣ እንዲሁም ለአሠሪዎቹ የሂውማን ሪሶርስ ቢሮዎች

ጉዳዩ፦ በሮልኦቨር፣ ማለትም የጡረታ ቁጠባ ከአንድ ሂሳብ ወደ ሌላ ሲዛወር የሚፈጠሩ ስህተቶችን ስለማረም

የዚህን ደብዳቤ እንግሊዝኛ ቅጂ በፖስታ ልኬላችኋለሁ። አማርኛውን ለሕዝብ ያወጣሁት የገንዘቡ ባለቤቶች በስማቸው ምን እንደተጠየቀ አንብበው እንዲያውቁት፣ የጎደለ ካለም እንዲጨምሩበት ነው። ሥራዬ ታክስ መሥራት ነው፤ ቢሮዬ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ደንበኞቼ በአብዛኛው ሆቴል አልጋ የሚያነጥፉ፣ ፓርኪንግ ሒሳብ የሚቀበሉ፣ ደለስና ሬገን ኤርፖርት መንገደኛ በዊልቸር የሚገፉ፣ ሆስፒታል ውስጥ ሕሙማንን የሚንከባከቡ ሰዎች ናቸው። ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል ድረስ በፌስታል የታጨቀ ፖስታ ይዘው ይመጣሉ፤ ግማሹ አልተከፈተም። ከመሐሉ 1099-አር የሚል፣ ከጡረታ ሂሳብ የወጣን ገንዘብ ለመንግሥት የሚያሳውቅ ወረቀት ብቅ ሲል እደነግጣለሁ። ሰዎቹ "ብሩን አላወጣሁትም፣ ወደ ሌላ ሂሳብ ነው ያዛወርኩት" ይሉኛል፤ ወረቀቱ ደግሞ አውጥተዋል ይላል።

አንዱን ጉዳይ በዝርዝር ላስረዳ። ባለጉዳይዋ ፈቅዳልኛለች፤ ስሟንም የድርጅቶቹንም ስም ግን አላነሳም። የ52 ዓመት ሴት ናት። ለረጅም ጊዜ የሠራችበትን ሆቴል ለቃ ሆስፒታል ስትቀጠር በሆቴሉ 401ኬ ውስጥ 41,860 ዶላር ነበራት። ማንም ሳይመክራት ትክክለኛውን መንገድ መረጠች፦ ገንዘቡ እጇ ሳይገባ ከተቋም ወደ ተቋም በቀጥታ እንዲሄድ፣ ማለትም ዳይሬክት ሮልኦቨር እንዲሆን ቅጹን ሞልታ ፈረመች። ቼኩም እንደ ደንቡ ለተቀባዩ ተቋም ተጻፈ፤ ከተቋሙ ስም ቀጥሎ ኤፍ ቢ ኦ (ለእከሌ ጥቅም ማለት ነው) ተብሎ የእሷ ስም ተከተለ። እስከዚህ ድረስ ማንም አልተሳሳተም።

ተቀባዩ ተቋም ቼኩን መለሰው። ምክንያቱ ስም አይገጥምም የሚል ነው። ሆቴሉ ሲቀጥራት የመዘገበው የመጨረሻ ስም የአያቷ ነበር፤ አይአርኤውን ስትከፍት ባቀረበችው መታወቂያ ላይ በመጨረሻ ስምነት የሠፈረው ደግሞ የአባቷ ነው። የሶሻል ሴኪዩሪቲ ቁጥሩ አንድ ነው። የትውልድ ቀኑ አንድ ነው። አድራሻውም አንድ ነው። አንድ ስልክ ተደውሎ የሚያልቅ ነገር ነበር፤ የደወለላት የለም።

ቼኩ ተመልሶ የደረሰው የሆቴሉ 401ኬ ፕላን አስተዳዳሪም አልጠየቃትም። የመጀመሪያውን ክፍያ ሰረዘና በራሷ ስም ሌላ ቼክ ጻፈላት፦ 33,488 ዶላር። የቀረው 8,372 ዶላር፣ ሃያ ፐርሰንቱ መሆኑ ነው፣ ለፌዴራል ታክስ ተቆርጧል። ከአሠሪ ፕላን ወጥቶ ለባለቤቱ በእጁ በሚከፈል ገንዘብ ላይ 20 ፐርሰንት መቁረጥ ግዴታችሁ እንደሆነ አውቃለሁ፤ በእሱ አልከራከርም። ጥያቄዬ ሌላ ነው፦ በእጄ ክፈሉኝ ያላችሁ ማን ነው?

ቼኩ እጇ ከገባበት ቀን ጀምሮ የ60 ቀኑ ሰዓት መቁጠር ጀመረ። በዚህ ጊዜ ውስጥ አይአርኤ ውስጥ መግባት ያለበት 33,488 ሳይሆን ሙሉው 41,860 ነው። የተቆረጠውን 8,372 ከኪሷ ሞልታ ማስገባት አለባት፤ መንግሥት የሚመልስላት ታክስ ስታስገባ በሚቀጥለው ዓመት ነው። ካልሞላች ያ 8,372 ዶላር እንዳወጣችው ይቆጠርና የገቢ ታክስ ይከፈልበታል። ዕድሜዋ 59 ዓመት ከመንፈቅ ስላልሞላ በላዩ 10 ፐርሰንት፣ ማለትም 837 ዶላር ከ20 ሳንቲም ይታከላል። አልጋ በማንጠፍ የኖረች ሴት ይህን ያህል ጥሬ ገንዘብ ከየት ታምጣ? የዕቁቧን ዳኛ ለመነች። ዕጣ የወጣላት ሌላ እኅት ተራዋን ለቀቀችላት፣ የጎደለውን ሌሎቹ አዋጡ፤ ቀኑ ሳያልፍ ገባ። እናንተ ያጎደላችሁትን ዕቁብተኞች ሞሉት ማለት ነው።

በዓመቱ መጀመሪያ 1099-አሩ መጣ። ሳጥን 1 ላይ 41,860፣ ታክስ የሚከፈልበት በሚለው 2ኤ ላይም 41,860፣ ሳጥን 7 ላይ ኮድ 1፣ ማለትም ያለ ዕድሜ የወጣ ገንዘብ። ሁለተኛውን ቼክ ብቻ ካየን ወረቀቱ አልዋሸም፤ ቼኩ ራሱ ነው መጻፍ ያልነበረበት። እኔ 1040 የሚባለውን የዓመቱን የታክስ ቅጽ ስሞላ በመስመር 5ኤ (ጠቅላላ) 41,860፣ በ5ቢ (ታክስ የሚከፈልበት) ዜሮ አስገብቼ አጠገቡ ሮልኦቨር ብዬ ጻፍኩ፤ የተቆረጠውን ታክስ በ25ቢ ላይ አስቀመጥኩላት፤ ተመለሰላት። በሚቀጥለው ዓመት ግን ከአይአርኤስ፣ ከፌዴራል ታክስ መሥሪያ ቤቱ፣ ሲፒ 2000 የሚባለው ደብዳቤ ቤቷ ደረሰ። ኮምፒውተሩ የእናንተን 2ኤ ከእሷ 5ቢ ጋር አስተያይቶ ገቢ ደብቀሻል ብሎ ነው። በ41,860ው ላይ ታክስ፣ በላዩ 4,186 ዶላር፣ በላዩ ወለድ። ሌሊቱን እንቅልፍ ሳይወስዳት አድራ ጠዋት ቢሮዬ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ገንዘቡ አይአርኤ መግባቱን የሚመሰክረውን 5498 አያይዘን መለስን፤ ተዘጋ።

ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ወደ እናንተ ስትደውል ያገኘችው መልስ አንድ ነው፦ "ታክስ አማካሪሽን ጠይቂ።" አማካሪዋ እኔ ነኝ። እኔ የሰረዛችሁትን ቼክ መልሼ መጻፍ አልችልም። ለመንግሥት የላካችሁትን ቅጽ ማረምም አልችልም። የቆረጣችሁትን 20 ፐርሰንት በዚያው ዓመት ውስጥ አስተካክላችሁ ለመመለስ የምትችሉት እናንተ ናችሁ፤ ዓመቱ ካለፈ በኋላ ግን ነገሩ ይከብዳል። ጉዳዩ ወደ እኔ የሚመጣው ደግሞ ሁልጊዜ ዓመቱ ካለፈ በኋላ ነው።

ስለ ስም ትንሽ ልቆይበት፤ ከሁሉም በላይ ችግር የሚፈጥረው እሱ ነውና። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የራሳችን ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው ያለን። አሜሪካ ስንገባ አንዱ መሥሪያ ቤት አባትን፣ ሌላው አያትን የመጨረሻ ስም ያደርጋል። ገብረ መድኅን ወይም ወልደ ማርያም የሚባል አባት ያለውማ ጣጣው ብዙ ነው፤ "ገብረ" የመካከል ስም ሆኖ "መድኅን" ብቻውን የመጨረሻ ስም ይሆናል፣ ሌላ መዝገብ ላይ ደግሞ ሁለቱ ተጣብቀው ይጻፋሉ። ሴቶቻችን ሲያገቡ የባላቸውን ስም አይወስዱም፤ ስለዚህ ባልና ሚስት በእናንተ ስክሪን ላይ የማይተዋወቁ ሰዎች ይመስላሉ። ይህ ማጭበርበር አይደለም፣ ቸልተኝነትም አይደለም፤ የአንድ አገር የአሰያየም ሥርዓት ነው። እናንተም ለሌላ ነገር ሁሉ የምትተማመኑበት የሶሻል ሴኪዩሪቲ ቁጥር በእጃችሁ አለ። ቁጥሩና የትውልድ ቀኑ ገጥሞ የመጨረሻ ስም ብቻ ሲለያይ ቼኩን ከመመለስ በፊት ለባለቤቱ ደውሉ፤ መታወቂያ ጠይቁ፤ ለላኪው ተቋም ደውላችሁ የሁለቱን ስም ባለቤት አንድነት የሚገልጽ ደብዳቤ ተቀበሉ። ይህን የሚያደርጉ ተቋማት አሉ፤ ስለዚህ አይቻልም አትበሉኝ።

የፕላን አስተዳዳሪዎችን ደግሞ የምጠይቀው ይበልጥ ቀላል ነገር ነው። የተመለሰ የሮልኦቨር ቼክ ያው የሮልኦቨር ገንዘብ ነው። ሠራተኛው ሲጠይቅ ገንዘቡን በቀጥታ ወደ መረጠው ሂሳብ የማስተላለፍ ግዴታ በታክስ ሕጉ አንቀጽ 401(ኤ)(31) ለፕላኑ የተሰጠ ግዴታ እንጂ የደንበኛ አገልግሎት ቸርነት አይደለም። ፊርማዋ ፋይላችሁ ውስጥ እያለ ወደ ጥሬ ክፍያ መቀየር የፕላኑን ሥራ መሳት ነው። እንዲህ ያለውን ስህተት ራሱ ፕላኑ አይቶ የሚያርምበት ሥርዓት አይአርኤስ ዘንድ ከቆየ ቆይቷል፤ በዲሴምበር 2022 የወጣው ሴኪዩር 2.0 ሕግም በሩን ይበልጥ ከፍቶታል። በሩ ክፍት ሆኖ ሳለ ሠራተኛዋን በ60 ቀን ሩጫ ውስጥ መክተት ምን ይባላል?

ሌላው የሚደጋገመው ገንዘቡ በትክክል በቀጥታ ሄዶ ወረቀቱ ብቻ የሚሳሳትበት ነው። ቼኩ ለተቋሙ ተጽፎ፣ አይአርኤ ውስጥ ገብቶ፣ 1099-አሩ ግን ኮድ ጂ (ዳይሬክት ሮልኦቨር) መሆን ሲገባው ገንዘቡ እንደወጣ የሚያሳየውን ኮድ 1 ወይም 7 ይዞ ይመጣል። ይህን ለማረም የሚያስፈልገው ከላይ "ኮሬክትድ" የሚለው ሳጥን ምልክት የተደረገበት፣ 2ኤ ላይ ዜሮ ያለበት አዲስ ቅጽ ብቻ ነው። አንዲት ወረቀት! ደንበኛዬ ሲደውል ግን "ከሲስተሙ የወጣው ይኸው ነው" ይባላል። እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ ካልታረመ አይአርኤስን አስገብተን፣ አስፈላጊ ሲሆንም በምትኩ ቅጽ 4852 ሞልተን እንልካለን፤ በዚህ ደግሞ ስለ እናንተ ስህተት የሚያብራራው ሠራተኛው ይሆናል።

ተቀባይ ተቋማትም ከደሙ ንጹሕ አይደላችሁም። ባለፈው አንድ አባት እናቱ አርፈው አዲስ አበባ ሊቀብር ሄደ። ሠልስቱ፣ አርባው፣ የቤት ጉዳይ፣ የወንድማማች ስምምነት ሲባል ሲመለስ 60 ቀኑ አልፏል። በስሙ የተጻፈለትን የጡረታ ቁጠባ ቼክ ይዞ ቢሄድ መስኮት ላይ ያለችው ልጅ "ጊዜው አልፏል፣ አንቀበልም" አለችው። አይአርኤስ በ2016 ያወጣውና በ2020 ያሻሻለው መመሪያ ግን የቤተሰብ ሞትን፣ ከባድ ሕመምን፣ የፋይናንስ ተቋም ስህተትን፣ የፖስታ ስህተትን፣ የጠፋና ያልተመነዘረ ቼክን፣ የቤት መውደምን የመሳሰሉ ምክንያቶችን ዘርዝሮ፣ ሰውየው ራሱ በጽሑፍ አረጋግጦ ገንዘቡን ዘግይቶ ማስገባት እንዲችል ፈቅዷል። የደብዳቤው ናሙና ከመመሪያው ጋር ተያይዟል፤ ክፍያም የለውም። ምክንያቱ በተወገደ በ30 ቀን ውስጥ ካስገባ በጊዜው እንዳስገባ ይታያል። አይአርኤስ በኋላ ሊመረምረው ይችላል እንጂ እናንተ ተቃራኒውን የሚያሳይ መረጃ ከሌላችሁ ደብዳቤውን አምናችሁ መቀበል ትችላላችሁ። መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ይህን አላወቀችም፤ በእሷ አልፈርድም፤ ያላሠለጠናት ተቋም ነው ተጠያቂው። ሁለተኛ ስንሄድ ደብዳቤውን ይዘን ሄድን፣ አለቃዋ ተጠራ፣ ተቀበሉን።

የትናንሽ ሂሳቦችንም ነገር ሳላነሳ አላልፍም። ከ2024 ጀምሮ ሥራ የለቀቀ ሰው ሂሳብ ከ7,000 ዶላር የማይበልጥ ከሆነ ፕላኑ ሳይጠይቀው ሊያስወጣው ይችላል፤ ከ1,000 በላይ ከሆነ በስሙ አይአርኤ ከፍቶ ያስገባለታል፣ ከዚያ ካነሰ ቼክ ሊልክለት ይችላል። ፓርኪንግ ለፓርኪንግ እየዘለሉ የሠሩ ወጣቶቻችን በስማቸው የተከፈተ የማያውቁት ሂሳብ ያላቸው ስንት እንደሆኑ እግዜር ይወቀው። ቤት ሲቀይሩ አድራሻቸውን ያልቀየሩላችሁን ፈልጉ፤ ቢያንስ በስልክ።

አሁን ወደ ቋንቋ። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ምክንያት የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ወረቀቶቻቸውን በአማርኛ ያቀርባሉ። ያ ሕግ እናንተን አይመለከትም። የሚመለከታችሁ የፌዴራል ደንብ ግን አለ፦ 100 እና ከዚያ በላይ ተሳታፊ ባለው ፕላን ውስጥ 500 ሰዎች ወይም 10 ፐርሰንቱ፣ ከሁለቱ ያነሰው፣ እንግሊዝኛ የማያነቡና አንድ ዓይነት ሌላ ቋንቋ ብቻ የሚያነቡ ከሆኑ፣ የፕላኑ ማጠቃለያ መጽሐፍ በዚያ ቋንቋ የተጻፈ የእርዳታ ማስታወቂያ ሊኖረው ይገባል። ከ100 በታች ለሆነ ፕላን መለኪያው 25 ፐርሰንት ነው። አንዳንድ ሆቴል ቤት የጽዳት ክፍሉ ስብሰባ በአማርኛ ነው የሚካሄደው። ደንበኞቼ በሚያመጡልኝ ፋይል ውስጥ እንዲህ ያለ የአማርኛ ማስታወቂያ አይቼ አላውቅም። የሂውማን ሪሶርስ ኃላፊዎች ሆይ፣ ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ? ካልቆጠራችሁ ዘንድሮ ቁጠሩ።

እዚህ ላይ ጡረታ ስንል በአእምሯችን የሚመጣው ሌላ መሆኑንም ተረዱልን። ኢትዮጵያ ውስጥ የግል ድርጅት ሠራተኛ ከደመወዙ 7 ፐርሰንት፣ አሠሪው 11 ፐርሰንት ለመንግሥት ፈንድ ያስገባሉ፤ ሥራ ሲቀየር ገንዘብ ከቦታ ቦታ የሚያዛውር ሠራተኛ የለም፣ በስሙ የሚጻፍ ቼክም የለም። እዚህ አገር መጥቶ "የራስህን ጡረታ ራስህ አጓጉዝ" ሲባል የመጀመሪያ ጊዜው ነው። ገንዘቡን ከመውሰዱ በፊት የምትሰጡትን የታክስ ማስታወቂያ እኔ ራሴ ደጋግሜ አንብቤ ነው የሚገባኝ፤ ከሌሊት ፈረቃ የወጣች እናት እንዴት ታንብበው?

ለወገኖቼም ሁለት ነገር ልበል፤ ደብዳቤው ለእናንተም ነውና። ገንዘብ ከማዛወራችሁ በፊት በድሮው ሥራ መዝገብ፣ በአዲሱ አይአርኤና በሶሻል ሴኪዩሪቲ ካርዳችሁ ላይ ያለውን ስም አስተያዩ፤ ካልገጠመ መጀመሪያ ስሙን አስተካክሉ። የፈረማችሁትን የሮልኦቨር ቅጽ፣ የቼኩን ፊትና ጀርባ ፎቶ፣ ገንዘቡ የገባበትን ማረጋገጫ አስቀምጡ። 5498 የሚመጣው ታክስ ካስገባችሁ በኋላ፣ እስከ ሜይ መጨረሻ ነው፤ "ታክሴን ጨርሻለሁ" ብላችሁ እንዳትጥሉት፣ ሲፒ 2000 ቢመጣ የሚያድናችሁ እሱ ነው። ሲፒ 2000 ራሱ የክፍያ ደረሰኝ አይደለም፣ ሐሳብ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ 30 ቀን ይሰጣችኋል፣ ቀኑ እላዩ ላይ ተጽፏል፣ በመሳቢያ ውስጥ ከቆየ ግን ዕዳ ይሆናል። የሮዝ (Roth) 401ኬ ብር፣ ማለትም ታክሱ አስቀድሞ የተከፈለበት ቁጠባ ያላችሁ ወደ ሮዝ አይአርኤ መሄዱን አረጋግጡ። የድሮ ሂሳባችሁ የጠፋባችሁ የአሜሪካ ሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በዲሴምበር 2024 የከፈተውን የጠፉ የጡረታ ቁጠባዎች መፈለጊያ ተጠቀሙ።

ፕላኑ በስልክ አልሰማ ካላችሁ በጽሑፍ አቤት በሉ። በጽሑፍ የቀረበ የጥቅም ጥያቄን ፕላኑ በአብዛኛው በ90 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት፤ እንቢ ካለ ይግባኝ ለማለት ቢያንስ 60 ቀን አላችሁ። የፕላኑን ሰነድ በጽሑፍ ጠይቃችሁ አስተዳዳሪው በ30 ቀን ካልሰጠ ፍርድ ቤት በቀን እስከ 110 ዶላር ሊያስከፍለው ይችላል። የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ የጥቅማ ጥቅም አማካሪዎች በ1-866-444-3272 በነጻ ይረዳሉ፤ ብዙ ጊዜ እነሱ ሲደውሉ የማይመለሰው ስልክ ይመለሳል።

ክቡራን የኩባንያ ኃላፊዎች፣ የምጠይቃችሁን በአጭሩ ልድገመው፦ የተመለሰ የሮልኦቨር ቼክ ባለቤቱ ሳይጠየቅ ወደ ጥሬ ክፍያ እንዳይቀየር፤ የስም ልዩነት በቁጥርና በትውልድ ቀን ተጣርቶ እንዲያልፍ፤ ስህተቱ የእናንተ ሲሆን በደብዳቤ ወረቀታችሁ ላይ "ስህተቱ የእኛ ነው" ተብሎ ተጽፎ ከታረመው 1099-አር ጋር ለሠራተኛው እንዲሰጥ። ያ ደብዳቤ ለእናንተ አንድ ገጽ ነው፤ እኔ ለአይአርኤስ መልስ ስጽፍ ግን ክርክሩን ያሳጥርልኛል። እነዚህን ጥያቄዎች በአሠራር መመሪያችሁ ውስጥ ማካተት አለማካተታችሁን በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንድታሳውቁኝ እጠይቃለሁ። መልሳችሁን ወደ አማርኛ መልሼ ይህን ደብዳቤ ባወጣሁበት ቦታ አወጣዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሲልቨር ስፕሪንግ ታክስ ሠራተኛ

ግልባጭ፦
ለአሜሪካ ሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ የሠራተኞች ጥቅማ ጥቅም ዋስትና አስተዳደር
በአካባቢው ለሚገኙ የሆቴልና የፓርኪንግ ሠራተኛ ማኅበራት
ለባለጉዳይዋ